ከብራዚሉ ቫልስ የወደቀች ምልክት

ልጅ እያለሁ በሰፈራችን የነበረው ጊታር አንድ ብቻ ነበር፤ የእሱም ቀጫጭን ክሮች ከጎርጎራ የመጡ የዓሣ ማጥመጃ ናይለኖች ነበሩ። ጊታሩ የጋሼ ይትባረክ ነው። በወጣትነታቸው ኩባ ሄደው ሙዚቃ የተማሩ፣ ጎንደር ፒያሳ ካለ የጣሊያን ጊዜ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ክፍላቸው ላምባና የብርቱካን ልጣጭ ይሸት ነበር። ብርቱካን ሲበሉ ልጣጩን ምድጃው ዳር ያደርቁታል፤ ክረምት ገብቶ ጭጋጉ መስኮቱን ሲሸፍነው በዚያ ሽታ የምንሞቅ ይመስለኝ ነበር።

እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። አባቴ ቤታችን አጠገብ ባለው ደብር ድጓ ያስተምር ነበር። ጊታር መማር መጀመሬ ሲሰማ፣ «ምነው መሪጌታ፣ ልጅዎን አዝማሪ ሊያደርጓት ነው?» ያሉት ጎረቤቶች አልጠፉም። እሱ ግን «ቃል የለው፣ ስድብ የለው፤ ምን ኃጢአት አለበት?» ብሎ ዝም አሰኛቸው። ጓደኞቼ ከትምህርት ቤት ወጥተው ሰኞ ማክሰኞ ሲዘሉ እኔ ቦርሳዬን አንግቼ ወደ ፒያሳ እሮጣለሁ።

የጋሼ ይትባረክ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቶ ነበር። መጫወት ስለማይችሉ በአፋቸው እያንጎራጎሩ ነው የሚያስተምሩኝ። ኩባ ሳሉ አንድ ብራዚላዊ አብሯቸው ይኖር ነበር፤ ወንድም የሆናቸው ሰው። የአገሩን ቫልስ፣ በሦስት ምት የሚዞር የዳንስ ዜማ፣ እየደጋገመ ይጫወትላቸው ነበር አሉ። ከተለያዩ በኋላ ሞቱን ሰሙ። የቀራቸው የዚያ ቫልስ የታተመ ኖታ ብቻ ነው። «ቀኝ እጄ ከዳኝ። በአንቺ እጅ አንዴ ከሰማሁት አይቆጨኝም» ይሉኝ ነበር። ልጅ ብሆንም የተሸከምኩት ነገር ቀላል እንዳልሆነ ይገባኝ ነበር።

ቫልሱ እንዴት መጫወት እንዳለበት ሲነግሩኝ ፊታቸው ይበራል። «ብራዚሎች ሲያዝኑም እግራቸው አይቆምም። ዜማው ይዘግይ፣ ይለግም፤ ወፍራሙ ክር ግን አምባ ጊዮርጊስ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ሳያርፍ ይራመድ።»

ችግሩ የመጣው መካከል ላይ ባለች አንዲት የዜማ ሐረግ ነው። መጀመሪያ ስትመጣ መጨረሻዋ ላይ ድምፁን በግማሽ ደረጃ ከፍ የምታደርግ ምልክት አላት፤ ዞራ ስትመለስ ግን ምልክቷ የለችም። ያለ ምልክቷ ስመታት ጆሮዬን ይቆረቁረኛል። የአባቴ ተማሪዎች ከመጽሐፍ የተዘለለ የዜማ ምልክት ሲያገኙ ሲሟገቱ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ሁለተኛዋንም ከፍ አድርጌ መታኋት።

«የተጻፈውን ምቺ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምልክት ወድቆ ነው። ያተመው ሰው ዘልሎት ነው።»

«ደራሲው አስቦበት ለውጦት ቢሆንስ? ኀዘኑ እዚያች ላይ ቢሆንስ? የሞተ ሰው ተነሥቶ አይሟገትሽም!»

በሚቀጥለው ቀንም ያንኑ አደረግሁ። ጊታሩን ከእጄ ወስደው ሳጥኑ ውስጥ ከተቱት። «መጽሐፍ የምታርሚ ከሆንሽ እኔ ምን አደርግልሻለሁ?» ብለው በሩን ከፈቱልኝ። ደረጃውን እያለቀስኩ ወረድኩ።

ክረምቱ እስኪጋመስ ድረስ ተኮራረፍን። መንገድ ላይ ሲያዩኝ ባርኔጣቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ፤ እኔም ጫማዬን እያየሁ አልፋለሁ። ክር ስጫን የደደረው የጣቶቼ ቆዳ እየለሰለሰ መምጣቱን ያየሁ ቀን ግን ሁሉን ለእናቴ ነገርኳት።

አባቴ ነገሩን ከእናቴ ሰምቶ አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጄን ይዞ ፒያሳ ወሰደኝ። ጋሼ ይትባረክ ደንግጠው ወንበር አቀረቡ። አባቴ ስለ ጊታር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። «እስቲ ሁለቱንም ታሰማኝ» አለ። በሁለቱም መንገድ መታሁለት።

«ለእኔ ሁለቱም ሸጋ ናቸው» ብሎ ሳቀ። «እኛ ዘንድ ግን መጽሐፍ ሲያጠራጥር መምህሩ ከማን አፍ እንደተቀበለ ይጠየቃል። እርስዎ ይህን ከወረቀቱ ነው ወይስ ከወዳጅዎ የተቀበሉት?»

ጋሼ ይትባረክ ኖታውን አንሥተው እያዩ፣ «ሲጫወተው ሰምቻለሁ፤ ጣቴን እየያዘም አሳይቶኛል። ግን ስንት ዘመኑ መሪጌታ፣ ጆሮዬ ረስቶታል» አሉ። ከዚያ ኖታውን አጥፈው አስቀመጡና ጊታሩን ታቀፉ። ግራ እጃቸውን አንገቱ ላይ አኖሩ። «ቀኙን አንቺ ሁኚልኝ» አሉኝ።

አጠገባቸው ተንበርክኬ እሳቸው የሚጫኑትን ክር እየመታሁ ተከተልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ሐረጓ መጣች፤ አለፈች። ዞራ ስትመለስ ጣታቸው ምንም ሳያመነታ ከፍ ያለችው ድምፅ ላይ አረፈ።

ቆሙ። ጣታቸውን የሌላ ሰው እንደሆነ ሁሉ ተመለከቱት።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለ አባቴ ቀስ ብሎ።

ጋሼ ይትባረክ በቀኝ እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። «ለካ እዚህ አለ» አሉ። የሚያለቅሱት ስለ ሙዚቃው እንዳልነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ስንወጣ ደረጃው ድረስ ሸኙንና፣ «ከፍ አድርገሽ ምቺው። ወረቀቱን ግን አልነካውም፤ ጣትም ይሳሳታል» አሉኝ።

አደይ ሲፈነዳ ቫልሱን ከዳር እስከ ዳር ተጫወትኩላቸው። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱ ጋ ቆመው ሰሙ። ስጨርስ «ወፍራሙ ክር ሮጠብሽ» አሉ። ከእሳቸው ያገኘሁት ምስጋና ይኸው ብቻ ነው። ትምህርቴን ሳልጨርስ አረፉ።

አሁን እኔም እዚሁ ጎንደር ልጆች አስተምራለሁ። ክሩ ታሽጎ ከሱቅ ይገዛል፤ ቫልሱን የሚጫወቱ ሰዎች ስልክ ውስጥ ሞልተዋል፤ አንዳንዶቹ ከፍ አድርገው፣ አንዳንዶቹ እንደ ተጻፈው። ዘግይቶ እጄ የገባ ሌላ እትም ምልክቷን በቅንፍ አስቀምጦ ሳይወስን አልፏታል። ተማሪዎቼ ጎበዞች ናቸው፣ ጨዋዎችም ናቸው። «እዚህ ጋ ስህተት ያለ አይመስላችሁም?» ስላቸው ስልካቸውን አውጥተው ያዳምጡና «ሁለቱም ይሆናል፣ ቲቸር» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ ይሆናል። ትምህርቱ በሰላም ያልቅና ተሰነባብተን ይሄዳሉ። እኔ ጊታሩን ታቅፌ ትንሽ እቆያለሁ፤ ለአንዲት ድምፅ ብሎ የሚቆጣኝ ሰው ይናፍቀኛል።