ተሰበረ የተባለው አውሮፕላን

ተገጣጣሚ አውሮፕላን መሥራት ያስተማረኝ አባቴ ነው። ደብረ ዘይት በአውሮፕላን ጥገና ላይ ሳለ፣ ከውጭ አገር ባለሙያዎች የሚያገኛቸውን ትንንሽ የፕላስቲክ አውሮፕላኖች ቅዳሜ ከሰዓት አብረን እንገጣጥም ነበር። ክንፉን እሱ ይይዛል፣ ሙጫውን እኔ እቀባለሁ። መንግሥት ሲለወጥ ሥራው ቀረና ጓዛችንን ጠቅልለን ወደ ትውልድ አገሩ ወደ መንዝ ገባን። ገብስ እየዘራ፣ በግ እያረባ ኖረ፤ ስለ አውሮፕላን ግን አንድም ቀን ሳያነሳ ሞተ። እኔም ተምሬ መሐል ሜዳ መምህርት ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ።

ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ አረብ አገር የምትሠራው ታናሽ እህቴ ለእረፍት ስትመጣ ለሌላው ሽቶና ልብስ፣ ለእኔ አንድ ካርቶን ይዛልኝ መጣች። ክንፉ ድርብ የሆነ የድሮ አውሮፕላን ነበር። ክዳኑን ስከፍት የፕላስቲኩ ሽታ እንባዬን አመጣው።

ክረምት ስለነበር ትምህርት ተዘግቷል። ጉሙ ደጃፋችን ድረስ እየወረደ ከቤት አያስወጣም፤ በዚያ ብርድ ደግሞ ሙጫው ቶሎ አይደርቅም። የበግ ጠጉር ባናዬን ተከናንቤ ክፍሎቹን በምላጭ እቆርጣለሁ፣ ደቃቃዎቹን በወረንጦ አነሳለሁ። ባሌ መጀመሪያ "ደግሞ ልጅ ሆንሽ?" ብሎ ሳቀብኝ። በኋላ ግን ከቢሮ ሲመለስ አጠገቤ እየተቀመጠ ምላጩን ያቀብለኝ ጀመር። ከጋብቻችን ዘመን እንደዚያ ክረምት የተፋቀርንበትን አላስታውስም። የግራውን ጎማ ሙጫው እንዲደርቅ ወደ ኩራዝ ሳስጠጋው ጥቂት ጠመመብኝ እንጂ ያለቀው ሥራ አባቴን የሚያኮራ ነበር።

መስከረም ላይ ለለቅሶ ዘመሮ ሄጄ ስመለስ አውሮፕላኑ የለም።

"ጠረጴዛውን ስወለውል ወድቆ ብትንትኑ ወጣ" አለኝ ባሌ፣ አንገቱን ደፍቶ። "ስብርባሪውን አይተሽ እንዳታዝኚ ብዬ ጣልኩት።"

"አይዞህ፣ ዕቃ ነው" አልኩት። እራት አልበላም ሲለኝ በጸጸት መሰለኝና ለምኜ በእጄ አጎረስኩት።

በጥር የባሌ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ልጅ ክርስትና ላይ ተጠራን። ገብቼ ስቀመጥ አውሮፕላኔ ቴሌቪዥኑ ላይ ቆሟል። ሌላ ይሆን ብዬ ጎማውን አየሁ፤ ጠማማ ነው።

የኃላፊው ባለቤት ዓይኔን ተከትለው ፈገግ አሉ። "ባልሽ እኮ ነው የሠራልን። ክረምቱን ሙሉ ሲለፋበት ከረመ አሉ። እጁ የተባረከ ነው።"

"አዎ" አልኳቸው፣ "ክረምቱን ሙሉ ነበር።"

ባሌ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። ጠላ እንዲጨምሩለት ብርጭቆውን ዘረጋ።

ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ ጠየቅሁት።

"ወደ ደብረ ብርሃን የጠየቅሁት ዝውውር በሰውየው እጅ ነው" አለ። "ባዶ እጄን ልሂድ?"

"ብትጠይቀኝ እሰጥህ ነበር።"

"አትሰጪኝም።"

ምናልባት እውነቱን ነው፤ አላውቅም።

"ለምን ሠራሁት አልክ?"

"ባልና ሚስት አንድ አይደለን?"

"እንግዲያው ነገ ሄደህ የሠራችው ሚስቴ ናት በላቸው።"

"ሰው ፊት ልታዋርጂኝ?" አለና ፈጠን ብሎ ቀደመኝ። ከኋላው ስሄድ የሚያንገበግበኝ አውሮፕላኑ አልነበረም። ዋሽቶኝ ሳለ አይዞህ ማለቴ፣ ማጉረሴ ነበር።

ዝውውሩ መጣ። ደብረ ብርሃን ገባን፤ ዘመድ አዝማድም ከዚያ ገጠር ያወጣሽ ባል ይባረክ አለኝ። አሜን አልኩ።

በዓመቱ እህቴ ሌላ ካርቶን ላከችልኝ። ቤት አላስገባሁትም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት የመርጃ መሣሪያ ክፍል ቁልፉ እኔ ዘንድ ስለነበር፣ በምሳ ሰዓት እዚያ እየገባሁ መገጣጠም ጀመርኩ። ባሌ አንድ ቀን "ያ የተላከልሽ ነገር ምን ደረሰ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"እየሠራሁት ነው" አልኩት። የት እንደሆነ አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም።