እጀታ የሌለው ጎራዴ

ደብረ ታቦር መናኸሪያ አጠገብ ካለው ብየዳ ቤት የጋለ ብረት ሸተተኝና ቆምኩ። አያቴ ትዝ አሉኝ፤ እዚሁ አቅራቢያ ጋፋት በምትባል መንደር ማጭድና ማረሻ የሚቀጠቅጡ አንጥረኛ ነበሩ።

ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ከጓደኞቼ ጋር በወረቀትና በዳይስ የምንጫወተው ጨዋታ ነበር። እያንዳንዳችን ልዩ ኃይል ያለው ጀግና ፈጥረን፣ መሣሪያውን ራሳችን ሥለን እናዋጋዋለን። እኔ ለጀግናዬ መብረቅ የሚተፋ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለት የሆነ ጎራዴ ሣልኩላትና ለአያቴ አሳየኋቸው። በጠቆሩ ጣቶቻቸው ደብተሩን ወደ ፍሙ አስጠግተው አዩት።

«እጀታውስ?»

«ልዩ ኃይል አላት እኮ አያቴ፤ እጀታ ምን ያደርግላታል?»

«እንግዲያ መጀመሪያ የሚቆርጠው የእሷን እጅ ነዋ! እኔ ማጭድ ስሠራ ቀድሜ የማየው የአጫጁን እጅ ነው። እህሉ የትም አይሄድ።»

ደብተሬን መንጭቄ ወጣሁ። እልኸኛ ስለነበርኩ ጎራዴው እንዲሁ ያለ እጀታ ቀረ።

ዛሬ ቤት ስገባ ልጄ ለዚያው ዓይነት ጨዋታ ሰይፍ እየሣለች ነበር። ስለቱን ገና አልጀመረችውም። የአያቴን ነገር አጫውቻት አላውቅም።

«እማዬ፣ እስቲ እጅሽን አምጪ» አለችኝ፤ «እጀታውን ልለካበት።»