ወፍጮው ሲጮህ

ከወፍጮ ገና የወጣ ዱቄት እጅ ላይ ይሞቃል። ባለፈው ወር እናቴን ልጠይቅ ቢቸና ሄጄ፣ ያስፈጨሁትን ጤፍ በእጄ ስዳብስ፣ ያ ሙቀት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪነቴን መለሰልኝ። ያኔ ለቴአትር ፀጉሬ ላይ ዱቄት እየነሰነሱ አሮጊት ያደርጉኝ ነበር።

ይኸውልህ፣ የከተማችን የቴአትር ደራሲ ወፍጮ ቤት ተቀጥሮ እህል የሚፈጭ ሰው ነበር። ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ያዘጋጃል፣ አባት ሆኖም ይተውናል። ዕድሉ ግን ረግቶ አያውቅም፤ አንዱን ዓመት አጨብጭበው ጋቢ ያለብሱታል፣ በዓመቱ አዳራሹን ይቆልፉበታል። እኔ ቡድኑን የተቀላቀልኩት ከተቆለፈበት በኋላ ነው። አዳራሹን ያስቆለፈበት ቴአትር ልጁን ከእስር ለማስፈታት የእርሻ በሬውን ሸጦ ጉቦ ስለሰጠ፣ ልጁም ስላልመጣለት ገበሬ ነበር። አንድ ሰው ታሪኩን ቀድሞ ለሹሞቹ ነግሮበታል።

ከዚያ ወዲያ ሰው ማመን ተወ። «ጠርጥር፤ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይል ነበር። ልምምዱንም ወደ ወፍጮ ቤቱ አዛወረው፤ ሞተሩ ሲያጓራ ደጅ የቆመ ሰው ምንም አይሰማም። እኛም መደማመጥ ስላልቻልን፣ በናፍጣ ሽታና በዱቄት ብናኝ መካከል እየጮህን አንዳችን የሌላውን ቃል ከከንፈሩ ማንበብ ለመድን።

ከሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው እኔን ነበር፤ አጎቴ ወረዳ አስተዳደር ይሠራል። የእናትየዋን ቦታ የሰጠኝም ሌላ ሴት ስላጣ ነው። ገና ከበር ሲያየኝ ሌሎቹን «ዝም በሉ፤ ትሰማለች» ይላቸዋል። እኔም በበኩሌ አብሮን የሚተውነውን፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣውን መምህር እጠረጥር ነበር፤ ጥፋቱ ስልክ ማብዛቱ ብቻ ነው። አጎቴንም ጠየቅሁት። «የምን ቴአትር?» አለኝ። እሱንም አላመንኩትም። ማን እንደተናገረ እስከ ዛሬ አላውቅም።

በኋላ ሞጣ ላይ አዳራሽ ተፈቀደልን። «ይኼም ከተበላሸብኝ ሁለተኛ አልጽፍም» አለን።

እሁድ ከሰዓት ነበር። ፀሐይ በቆርቆሮው ሽንቁር ትገባለች፤ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መጋረጃው ሲከፈት ሕዝቡ ፀጥ አለ። እኛ ያልተለማመድነው ይህን ፀጥታ ነው። ባዶው በረት አጠገብ ቁጭ ብዬ በሹክሹክታ ማለት የነበረብኝን «በሬውስ ሄደ፤ ልጄስ መቼ ይመጣል?» የሚለውን፣ ወፍጮ ቤት እንዳለሁ ሁሉ አምባረቅሁት። እሱም «ይመጣል» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡ አውካካ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሹሞች ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ቴአትሩን የከለከለው የለም፤ ቀልድ ነው ተባለ።

ከመጋረጃው ጀርባ እንባና ዱቄት ጉንጩ ላይ ቦክቶ አገኘሁት።

«ማን ነው ጩኺ ያለሽ?» አለኝ።

«ወፍጮው ነው፣ ጋሼ።»

«ወፍጮውም ወረዳ ተቀጠረ?» አለና ፊቱን አዞረብኝ። ራሱም መጮኹን አልነገርኩትም፤ ቢነገረውም አያምንም። እንዳለውም ሁለተኛ አልጻፈም።

ባለፈው ወር ጤፉን ያስፈጨሁት እሱው ዘንድ ነው። ሸብቷል፣ ወይም ዱቄት ነው፣ አልለየሁትም። ጆሮውን ሞተሩ እንደወሰደበት ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ነገሩኝ። ያን ሁሉ ዓመት «እኔ ጆሮ ጠቢ አይደለሁም» ልለው ስመኝ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ በከንፈሬ ብቻ «በሬውስ ሄደ፤ ልጄስ መቼ ይመጣል?» አልኩት።

አፌን አተኩሮ አየ። ከዚያ በሩን፣ ቀጥሎም ሴቶቹን በጥርጣሬ ቃኘና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ቀስ በይ፤ ይሰሙናል» አለኝ።