የሰው አገር ለቅሶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም ያሳፍረኛል። ለሥልጠና ጣሊያን ሳለሁ አባቴ ኮምቦልቻ አርፎ፣ ሳልደርስ ተቀበረ። እዚያው ጣሊያን የምትኖር የደሴ ልጅ፣ ጓደኛዬ ዘይነባ፣ ሐሳቤን ለማስቀየር ኮረብታ ላይ ያለ ጥንታዊ የድንጋይ ከተማ ወሰደችኝ።

በጠባቡ አቀበት ለቀስተኞች አስከሬን ተሸክመው ሲወጡ አገኘናቸው። በእኛ አገር ለቅሶ ታይቶ አይታለፍምና ተከተልኳቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሁሉም ዝም ብሎ ሳለ እኔ "አባዬ!" እያልኩ ተንሰቀሰቅሁ።

"ኧረ ቀስ በይ፣ አንቺ ጉደኛ! ወላሂ ስሙን እንኳ አታውቂውም!" አለችኝ ዘይነባ።

የሟቹ ሚስት፣ አሮጊቷ፣ መጥተው እጄን ያዙኝ። ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ "ኮምቦልቻ" አልኳቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። የተናገሩትን ዘይነባ እየተንተባተበች ተረጎመችልኝ።

"'ባሌ በወጣትነቱ እዚያ ሲሠራ ወልዶ የተዋት ልጅ አንቺ ነሽ ወይ?' ይሉሻል።"

የገዛ አባቴን አፈር አላለበስኩትምና፣ ይህንን እንኳ እንደ ልጅ ልቅበር ብዬ፣ "አዎ" አልኳቸው።