ወርቁን ያወጣሁት እኔ ነኝ

ለነፍስ አባቴ የነገርኋቸው ኃጢአት ብዙ ነው። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰው ማማቴን፣ ገንዘብ መውደዴን ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኋቸውም። ለማንም አልነገርሁም። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። አንተ አንባቢዬ ስሜን አታውቀውም፤ ንስሐም አትሰጠኝም። እንግዲያው ላንተ ልናዘዝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ በስደት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ላይ ነው። ያን ዘመን ሳስበው ሁሉም ነገር በአቧራ ውስጥ ነው የሚታየኝ። ከእርሻ የሚመለሱት ሰዎች፣ አህያ የሚጎትተው የውኃ ጋሪ፣ ከሰዓት በኋላ ቢጫ የሚሆነው ሰማይ፣ ሁሉም ድምፅ ሳያሰማ በፊቴ ያልፋል። አንዳንዴ እዚያ ከተማ ኖሬ ነበር ወይስ በሕልሜ ነው ያየሁት እላለሁ። ያደረግሁትን ግን በሕልሜ አላደረግሁትም።

ዩኒቨርሲቲ ነበረን። አትሳቅ። በአንዲት ሱዳናዊት እናት ግቢ ውስጥ በእንጨትና በሣር የተሠራ ዳስ ነው፤ አገሬው ራኩባ ይለዋል። ከየኮሌጁ ሸሽተን የመጣን ልጆች፣ ሦስተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠውም፣ በር ላይ ደርሶ የተሰደደውም፣ እዚያ ተሰብስበን እርስ በርሳችን እንማማር ነበር። ጥቁር ሰሌዳችን ከማጠፊያው የተነቀለ በር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሰሊጥ እናጭዳለን፣ ጆንያ እንሸከማለን። ጁምዓ፣ ማለት ዓርብ፣ ሥራ ስለሌለ ጠዋት ሒሳብና ታሪክ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ ግጥም ይሆናል። ሕክምና ያቋረጠውን ታላቃችንን ዲን አድርገን ሾምነው፤ ስሙን ትተን ዲኑ አልነው። እኔ ጎንደር ላይ ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ስለቆየሁ የኔታ ተባልሁ። እነሱ ለቀልድ ነው የጀመሩት። እኔ ግን ቀልዱን አምኜ ተቀመጥሁ።

አንድ ልማድ ነበረን። ግጥም ያነበበው ሰው ሲቀመጥ ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ «እስቲ የኔታ፣ ወርቁን አውጣልን» ይላል። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ከሥሩ የተደበቀው። እኔም ተነሥቼ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ የተደበቀውን አወጣላቸዋለሁ። ከሌለበትም ፈልጌ አላጣም ነበር። እነሱ ደስ ይላቸዋል፤ እኔ ደግሞ ከማንም በላይ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ይርዳው መጣ። የቋራ ልጅ ነው፤ አባቱ ንብ አርቢ ናቸው። አሥራ ሁለተኛን ሳይጨርስ በመተማ በኩል የወጣ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ሲያነብ ግን የግቢዋ ባለቤት እንኳ፣ አንድ ቃል አማርኛ ሳትሰማ፣ ሥራዋን ትታ ቆማ ታዳምጠዋለች። እሱ ሲጨርስ ወደ እኔ የሚዞር ሰው ጠፋ። አንድ ቀን ዲኑ ለሌሎቹ «ሥነ ጽሑፉን ከእንግዲህ ይርዳው ቢያስተምር አይሻልም?» ሲል ከሣሩ ግድግዳ ጀርባ ሆኜ ሰማሁ። ቀናሁ። ሌላ ስም አልፈልግለትም፤ ቀናሁ።

አንድ ሐሙስ ይርዳው እኔ ዘንድ መጣ። ከእርሻ ተመልሼ እግሬን እየታጠብሁ ነበር።

«የኔታ፣ ይችን እስቲ ስማልኝ» አለና ሁለት ስንኝ አነበበልኝ።

ከሩቅ አገር ሆነን ቀፎውን ስናስብ፣
ማሩን ማሩን አለ የተሰደደው ቀልብ።

«የአባቴን ማር ነው ያሰብሁት» አለ። «ግና አንተ ቅኔ አዋቂ ነህ። ሌላ ነገር ያነካካል እንዴ?»

አንተም ሰምተኸዋል። ማሩን፣ ያን ማር። ማሩን፣ ምሕረት አድርጉልን። እኔ ገና አፉን ሳይገጥም ነው የሰማሁት። ያን ሰሞን የአዲስ አበባው ሬዲዮ «አገራችሁ ግቡ፣ ምሕረት ተደርጎላችኋል» እያለ ይለፍፋል፤ አምኖ የተመለሰ ሰው ደግሞ ወሬው አይሰማም። ከእኛ ውስጥ ቀይ ሽብር ወንድም ወይም ጓደኛ ያልበላበት አልነበረም። እነሱ ፊት «ማሩን» ማለት ምን እንደሚያመጣ አውቅ ነበር። ንብ አርቢ ቤት ያደገ ልጅ ግን ማሩን ሲል ማር ብቻ ነው የሚታየው።

«ምንም የለበትም» አልሁት። «ንጹሕ ናት። አንብባት።»

አመስግኖኝ ሄደ።

በማግሥቱ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ አነበባት። ሰው ተነካ፤ ዓይኑን የጠረገም ነበር። እኔ ማንም ሳይጠይቀኝ ተነሣሁ። ድምፄ የረጋ ነበር፤ አሁን ድረስ የሚያስፈራኝ እሱ ነው። «ማሩን የሚለው ማር አይደለም» አልኋቸው። «ለደርግ ነው። ይቅር በሉን፣ እንግባ ነው የሚለው። ስለ ሁላችን ምሕረት ለመነ።»

አንዱ ወደ ይርዳው ዞሮ «ማን ላከህ?» አለው።

«የአባቴ ማር ነው» አለ ይርዳው። «ማር ነው እኮ።»

ማን ይስማው? ወርቁ ከወጣ በኋላ ሰሙን የሚያምን የለም። ዞሮ እኔን አየኝ። «ትናንት አንብቤልህ አልነበር?» ቢል ያልቅልኝ ነበር። አላለም። ለምን አላለም? አፍሮልኝ ይሆን? ወይስ አውቄ እንዳደረግሁት ማመን አቅቶት? ስንት ዓመት ጠየቅሁ፤ አሁንም አላውቅም።

እጁን ያነሣበት የለም። ዝም ብቻ አሉት። ከአንድ ትሪ መብላት ቀረ፤ ሲመጣ ወሬ ይቋረጣል። ዲኑም «ለጊዜው ባትመጣ ይሻላል» አለው። እኔ ሥነ ጽሑፉን ማስተማሬን ቀጠልሁ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ወደ መተማ በሚሄድ ሎሪ ላይ ሲወጣ አዩት። መመለስን ጨርሶ የማያነሣውን ልጅ እኔ መለስሁት። «አላልንም? የኔታ ልክ ነበር» አሉ፤ እኔም ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬው አልመጣም።

ቅናት ነው፣ ወጣትነት ነው ብዬ እንዳላመካኝ ይህንንም ስማ። ከዓመታት በኋላ፣ በሰባ ሰባቱ ረሀብ ጊዜ ሕዝቡ ወደ ገዳሪፍ ሲጎርፍ የይርዳው እኅት መጣች። እግሯ ቆስሏል፤ ነጠላዋ የአፈር መልክ ይዟል። ወንድሟ ወደ አገር መነሣቱን ቀድማ ሰምታ ነበር፤ ስለ እሱ ስትጠይቅ ወደ እኔ ላኳት። ያኔ ወጣት አልነበርሁም። እውነቱን የምነግራት ሰዓት በእግሯ መጥታ ፊቴ ቆማለች።

«እናታችን ሳታየው ሞተች» አለችኝ። «እኛ ዘንድ አልደረሰም። ምን አስነሣው?»

«ናፍቋችሁ ነው» አልኋት።

«ሲነሣ የሸኘው ሰው ነበር?»

«እኔ ሸኘሁት።»

አልሸኘሁትም። ሎሪው ሲወጣ ራኩባው ውስጥ ስለ ግጥም እያስተማርሁ ነበር። እሷ ግን ፊቷ ፈታ አለ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አንቱ። ሰው ሳያየው ብቻውን ነው የሄደው እያልሁ ነበር የምብሰከሰክ» አለችና ጎንበስ ብላ እጄን ሳመችው።

እጄን አልሰበሰብሁም። ስማ እስክትጨርስ ቆምሁላት።