የቀበርቾ ድንጋዮች

«ድንጋዩን ማን ነገራቸው?»

«ጋሼ፣ ሲጠይቁኝ ይኼ ሦስተኛዎ ነው።»

«አራተኛም እጠይቅሃለሁ። ዶማ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ይወርዳል፤ ይውረድ። ግን ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተራመደ፣ በመሀሉ አንዲት ስንዝር ሳይነካ የሚቆፍር ሰው አይቼ አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ድንጋዩን ያውቁታል። ማን ነገራቸው?»

አጎቴ ይህን የሚሉኝ መደቡ ላይ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ነው። ፊታቸውን ገና አልታጠቡም። ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው፤ እሳቸው መድኃኒት ፍለጋ የሚወጡት ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ብቻ ነው፤ ፊታቸውን ከታጠቡበት ደቂቃ ጀምሮ ሥራቸውን ጨርሰው ቤት እስኪመለሱ ድረስ ደግሞ ለሰው አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ሰላም ያላቸውን ሰው እንኳ በእጃቸው ነው የሚመልሱት። ስለዚህ የእኔ ጊዜ በሩ አጠገብ በተቀመጠችው ቢጫ የፕላስቲክ ጆግ ውስጥ ነበር። ውኃው ከፈሰሰ ጠቡም ይቅርታውም ሌላ ቀን ነው።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አልኳቸው። «በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሁሉ እዚያ ጎንበስ ቀና ሲሉ ያይዎታል።»

ውሸቴን ነበር። የነገርኳቸው እኔ ነኝ።

ቀበርቾን ገበያ ላይ ያላየ ሰው የለም። ጥቁር፣ ጠማማ፣ ከእሳት የተረፈ እንጨት የሚመስል ሥር ነው። ጉንፋን የያዘው ወይም ራሱን የሚፈልጠው ሰው ፍም ላይ ጣል አድርጎ ይታጠነዋል። ቤት ውስጥ ሽታው ለቀናት አይለቅም። ገበያ ላይ ያየው ሁሉ ግን ሲበቅል አላየውም። እሾሃም ተክል ነው፤ ሥሩን የፈለገ ተክሉን ከነሕይወቱ ይነቅለዋል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። በማዳበሪያ ጆንያ ሞልተው የሚያወርዱት እንደዚያ ነው፣ ከተማ ያለው ነጋዴም እንዴት መጣ ብሎ አይጠይቅም።

አጎቴ አይነቅሉም። ከተክሉ በታች፣ በቁልቁለቱ በኩል ተንበርክከው ይቆፍራሉ። ጥቁሩን የላይ አፈር በአንድ ወገን፣ ቀዩን የታች አፈር በሌላ ወገን ይከምራሉ። ከዚያ በኋላ መቆፈሪያ የለም፤ በጣታቸው ነው የሚሄዱት። ዋናውን ሥር አይነኩትም። ከጎኑ የወጣ፣ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው አንድ ቅርንጫፍ ብቻ በቢላ ይቆርጣሉ። ቀዩን አፈር መጀመሪያ፣ ጥቁሩን በላዩ መልሰው በተረከዛቸው ይረግጡታል። በመጨረሻ ከተክሉ ራስጌ አንድ ድንጋይ ያስቀምጣሉ። በዓመቱ ድንጋዩን ወደ ቀኝ ያዞሩታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ግርጌ፤ ከዚያ ወደ ግራ። ድንጋዩ ዞሮ ራስጌ ሳይመለስ ያ ተክል አይነካም። ደብተር የላቸውም፤ የጻፉት ሁሉ እዚያ ቁልቁለት ላይ ነበር።

በበጋ ቅጠሉ ደርቆ ነፋስ ሲወስደው፣ ከአፈር በታች ያለውን የሚያውቁት ድንጋዮቹና እሳቸው ብቻ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ለሚስታቸውም አልነገሯትም። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ረቡዕ ይዘውኝ ወረዱ፤ ሲመለሱ፣ ምላሳቸው ሲፈታ፣ «ለአንተ ያሳየሁህ ዓይንህ ስለሚያይ ነው» አሉኝ። እኔን ስለ አፌ መጠየቅ ነበረባቸው።

ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ግጥም ማንም አላስተማረኝም፤ ከተዋስኳቸው መጻሕፍትና ከስልኬ ለቃቅሜ የተማርኩት ነው፤ እንደዚህ የተማረ ሰው ደግሞ ሰው ሲያነብለት ይሰክራል። ጥር ላይ ስለ ድንጋዮቹ አንድ ግጥም ጻፍኩና ከነፎቶው ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። እንዲህ የሚል ነበረበት፦

ድንጋይ አትበሉት፣ ትራሱ ነው የእሱ፤
ቀበርቾ ተኝቷል፣ እንዳትቀሰቅሱ።

አንድ የማላውቀው ሰው ከሥሩ፣ «ወንድሜ አንጀት ይበላል! የት አካባቢ ነው?» ብሎ ጻፈ። እኔ ምን አደረግሁ? መለስኩለት። ከጎረቤላ ወረድ ብሎ፣ የውኃ ታንከሩን አልፎ ያለው ቁልቁለት ነው አልኩት። ሦስት የእሳት ምልክት ላከልኝ። ያን ቀን ማሽኔ ፊት ቆሜ ብቻዬን ስስቅ ነበር የዋልኩት።

ሐሙስ የአጎቴ ሚስት ደወለችልኝ። «ና፣ አጎትህ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም» ብቻ ነው ያለችኝ። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ በዚያው ሚኒባስ ያዝኩ። ስደርስ ቤት የሉም፤ ቁልቁለቱ ላይ አገኘኋቸው። የሰኔ ጉም ከታች እየወጣ ነበር። ሃያ ሦስት ጉድጓድ ቆጠርኩ። በእያንዳንዱ አፍ ላይ ቀይ አፈር ከጥቁር ተደባልቆ ተበትኗል። የተክሎቹ አናት ከነጭራሮው ተቆርጦ ተጥሏል፤ ጫጩት የሚያህሉት ሳይቀሩ። እነዚያ ገና ሥር ያልያዙ ነበሩ፤ ከነቀሏቸው በኋላ ምንም ስላላገኙባቸው ወርውረዋቸዋል። አጎቴ የተንከባለሉትን ድንጋዮች አንድ በአንድ እየለቀሙ ወደነበሩበት ይመልሳሉ። የሚጠብቁት ነገር የሌላቸውን ድንጋዮች። ከላይ ገደሉ ጫፍ ላይ የጭላዳ ዝንጀሮ መንጋ ሣር እየነጨ ያየናል።

«እነዚያ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲቆፍሩ ይውላሉ» አሉኝ አጎቴ በአገጫቸው እያመለከቱ። «ግን በነጋታው ሣሩ አለ።»

ጥያቄውን ለዓርብ ጠዋት ነው ያቆዩት።

«ለምን አትመልስለትም?» አለች የአጎቴ ሚስት። ጥግ ላይ ተቀምጣ የበግ ሱፍ ትፈትላለች፤ እንዝርቷ አልቆመም። «ምራቅህን ስትውጥ ከዚህ ይሰማኛል።»

«እትዬ፣ ተይኝ እባክሽ።»

«እኔ ምን አልኩ? ለእኔማ ሃያ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሊያነሳ ነው የሚሄደው መስሎኝ ነበር። ሰው ስለ ባሌ ሥራ ሲጠይቀኝ ‹ድንጋይ አዟሪ ነው› ልል ምንም አልቀረኝም።»

አጎቴ አልሳቁም። እጃቸውን ወደ ጆጓ ሲልኩ አየሁና ደነገጥኩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጋሼ፣ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። ግጥም ጽፌ በስልኬ ለቅቄው ነው።»

እጃቸው ተመለሰ። «አንብብልኝ።»

ግጥሙን ሐሙስ ማታ አጥፍቼዋለሁ፤ ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ሲቀባበለው ከርሟል። ግን በቃሌ ነው። ቆሜ አልኩላቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈርኩበት ንባብ የለም። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ያምራል» አሉ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ቤቱም ይመታል። ግን ስለ አፈሩ የት አለ?»

«የቱ አፈር?»

«ቀዩ ከታች፣ ጥቁሩ ከላይ የሚመለሰው። አንዷ ቅርንጫፍ ብቻ እንደምትቆረጥ። ድንጋዩ ዞሮ ራስጌ እስኪደርስ እንደሚጠበቅ። እሱ የት ገባ?»

እውነቱ ብቻ ቀረኝ። «ቤት አልመታልኝም» አልኳቸው። «ሞክሬው ነበር። አልገባም አለኝ።»

«ድንጋዩ ገባ፣ አፈሩ ቀረ» አሉ፤ ለሚስታቸው የሚያስረዱ ይመስል ወደ እሷ ዞረው። «ሥሩ ያለበትን ነገራቸው፤ እንዴት እንደሚወሰድ ግን ቤት አልመታለትም።»

ያኔ ነው የፈነዳሁት። በራሴ የተናደደ ሰው ሌላ ላይ እንደሚጮኸው ጮህኩ። ግን ያልኩትን ሁሉ ዛሬም አልመልሰውም።

«እርስዎስ? ሃያ ዓመት ሙሉ ለማን አስተማሩ? አገሩ ሁሉ ቀበርቾ ሲነቀል ነው የሚያየው፣ ሌላ መንገድ እንዳለ የነገረው ሰው የለም! ጎረቤትዎ በደጃፉ ቢያገኘው ይነቅለዋል፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ አያውቅም! እርስዎ እያወቁ አፍዎን ዘግተው ተቀመጡ። እርስዎ ሲሞቱስ ጋሼ? ድንጋይ ነው የሚያስተምረን?»

እንዝርቷ ቆመች።

«አስተማርኩ እንጂ» አሉ አጎቴ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «አንድ ሰው አስተማርኩ። ይኸው ቆሞ ይጮህብኛል።»

ከትራሳቸው ሥር አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ አወጡ። ምን እንደሆነች አውቃለሁ፤ ባለፈው ኅዳር አብረን ነው ከደረቀው ራስ ላይ ዘሩን የለቀምነው፣ እሾሁ ጣቴን ወግቶኝ ሲስቁብኝ። ከዚያ ቁልቁለት የቀረው እሱ ብቻ ነው። አንድ እፍኝ አይሞላም።

«እንዝራው» አልኳቸው። ቁጣዬ ሳይበርድ ልመና ገባበት። «ዛሬውኑ አብሬዎት ልውረድ። እነዚያው ጉድጓዶች ውስጥ እንዝራው፣ አፈሩ ተቆፍሯል፣ ዝናቡም ገብቷል። የሰፈሩን ሰዎች እጠራለሁ፣ አቆራረጡን ያሳዩዋቸው፣ ጥበቃ እናቆማለን—»

«እዚያ አልዘራውም።»

«ታዲያ የት?»

ቋጠሮዋን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱና ተነሡ። ጆጓን አንሥተው ደጃፉ ላይ ጎንበስ አሉ። ውኃው ሲፈስ «ጋሼ፣ አይታጠቡ፣ አልጨረስንም!» እያልኩ ነበር። ታጠቡ። በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን አበሱ።

«አለቀ» አለች ሚስታቸው። «ከእንግዲህ ከግድግዳው ጋር ተነጋገር።»

እኔ ግን አላቆምኩም። የት እንደሚሄዱ ጠየቅኩ፣ ለመንኩ፣ ራስ ወዳድ አልኳቸው፤ አዎ፣ ብያቸዋለሁ። እሳቸው ለእኔ ጀርባቸውን ሰጥተው መቆፈሪያቸውን ከበሩ ኋላ አወጡ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረጉ። የሥር መቁረጫዋን ትንሽ ቢላ ከወገባቸው ፈትተው፣ እጀታዋን ወደ እኔ አዙረው ዘረጉልኝ። ሁለት ዓመት አብሬያቸው ስወርድ ያቺን ቢላ አስነክተውኝ አያውቁም። ዓይናቸው ቀይ ነበር። ና ማለታቸው ነው። ሌላ ትርጉም የለውም።

ቀኝ እጄን ወደ ቢላዋ ዘረጋሁ። ግራ እጄ ምን እንደሠራ እኔም ኋላ ነው ያወቅኩት። ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ መደቡ ላይ ያስቀመጥኩትን ስልኬን አንሥቶ ኪሴ ሊከት ነበር።

አጎቴ ስልኩን አዩ። እኔን አዩ። ልተወው እችል ነበር፤ መደቡ ላይ መልሼ ላስቀምጠው፣ ለሚስታቸው ልሰጣት፣ ከግድግዳው ጋር ላላትመው እችል ነበር። ግን ቁጣው ገና አልወጣልኝም፣ እልህ ያዘኝ፣ ይዤው ቆምኩ። «ስልክ ነው ጋሼ፣ ዶማ አይደለም!» አልኳቸው።

ቢላዋ ወደ ወገባቸው ተመለሰች። በሩ ላይ ስለቆምኩ፣ ጥጃ ከመንገድ እንደሚገፉት በመዳፋቸው ትከሻዬን ወደ ጎን ገፋ አደረጉኝ፤ በቁጣ አልነበረም፣ ያም የባሰ አበሳጨኝ። ወደ ጉሙ ወጡ። የቆርቆሮው በር ከኋላቸው ተዘጋ።