በቀትር የሚበርደው ቡና

ዲላ ውስጥ መለኪያ የሚጠግን ሰው ሲጠፋ የሚደወለው ለእኔ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከገደብ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የቡና ማድረቂያ ሥራ አስኪያጅ ደወለልኝ። ድምፁ ሠርግ የሚጠራኝ ይመስል ነበር። የሌሊት ጥበቃውን ጉድ በማሽን እንደደረሰበት ነገረኝና መጥቼ እንድመሰክር ጠየቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቡናው በማድረቂያ አልጋው ላይ ሲደርቅ ሙቀቱን የሚመዘግበውን መሣሪያ የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ከሳጥኑ ቴርሞካፕል የሚባል ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ ጫፉ ቡናው ውስጥ ይቀበራል። ሳጥኑን አልጋው ስር ጥላ ውስጥ አስሬ፣ አደራ እንዳትነኩት ብዬ ነበር የተመለስኩት። አሁን መሣሪያው ቡናው በቀትር እየበረደ፣ ሌሊት እየሞቀ መሆኑን መዝግቧል። ሥራ አስኪያጁ የቀኑን ለገደብ ብርድ ሰጠው። የሌሊቱን ግን አሰበበትና ደረሰበት፦ ጥበቃው አልጋው ስር እሳት እያነደዱ ይሞቃሉ። ቡና ደግሞ ጭስ ይጠጣል፤ ቀማሹ አንዴ ጭስ ጭስ አለኝ ካለ አለቀለት። ስለዚህ ሰውየውን አባሯቸዋል።

ጥበቃው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ጊቢው አጥር ሳይኖረው ጀምሮ የጠበቁ። ቢምሉ ቢገዘቱ የሚሰማቸው አጡ። አብረዋቸው የሚጸልዩት ሰዎች እንኳ ገልመጥ ያደርጓቸው ጀመር። ቢጨንቃቸው የጌዴኦ ሽማግሌዎች ነገር ወደሚያዩበት ሶንጎ ሄደው አቤት አሉ። ሽማግሌዎቹም ምስክሩ ሳይጠየቅ አንፈርድም አሉ። ምስክር የተባለው እንግዲህ የእኔ ሳጥን ነው። ሳጥን ደግሞ ሶንጎ አይሄድም፤ ስለዚህ እነሱ ሊመጡ ተቀጠረ።

እስከ ገደብ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ጭቃ ለጭቃ በሞተር፣ ወገቤ ተቆራርጦ ደረስኩ። ቢሮው ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? ሳጥኔ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ፣ ከፕላስቲክ አበባው አጠገብ ተቀምጧል። ጎንበስ ብሎ አልጋ ስር ማየት ስለሰለቸው ወደ ቢሮ አስገብቶታል። ሽቦው ሲያጥርበት የቤተ ክርስቲያናቸውን ስፒከር የሚገጥመውን ሰው ጠርቶ በስፒከር ገመድ አስቀጠለው። መቀጠያው በናስትሮ ተጠቅልሎ ቆርቆሮ ጣሪያው ስር ተሰክቷል።

ደሜ ፈላ። ይሄ ሽቦ በሌላ ገመድ አይቀጠልም አልኩት። መሣሪያው የሚለካው በሽቦው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ነው። አንደኛው ጫፍ ቡናው ውስጥ ነው። ሌላኛው ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ያለ ይመስለዋል እንጂ አሁን ቆርቆሮው ስር ቀርቷል። ቀን ቆርቆሮው ሲግል ቡናው የበረደ፣ ሌሊት ቆርቆሮው ሲበርድ ቡናው የጋለ መስሎ ይታየዋል። ሥራ አስኪያጁ ግን ገመድ ገመድ ነው፣ ስፒከሩ በዚሁ ገመድ ደህና አድርጎ ይዘምር የለ ወይ አለኝ። ደህና በሆነበት ቀንም ሁለት ዲግሪ ወዲህ ወይ ወዲያ ሊስት ይችላል ብዬ ስነግረው ጭራሽ አፈረብኝ።

«እህቴ፣ ማሽን አይዋሽም» አለ።

ቀትር ላይ ሽማግሌዎቹ መጡና ከአልጋው አጠገብ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ጥበቃው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ራቅ ብለው ቆሙ። ትልቁ ሽማግሌ ምስክሩ ይሳሳት እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ሁለት ዲግሪዋ ነገርኳቸው፤ ስህተቱን አስቀድሞ የሚናገር ምስክር ደስ ይላል አሉ። ቀጥለውም እንደማንኛውም ምስክር መጀመሪያ መልሱን የምናውቀው ነገር ይጠየቅ አሉ። የሕያው ሰው ሙቀት ስንት እንደሆነ አጣሩ፤ ሠላሳ ስድስት፣ ሠላሳ ሰባት አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ደረቱን ነፍቶ ጃኬቱን አወለቀና የሽቦውን ጫፍ ብብቱ ውስጥ ከተተ። እኔ ቁጥሩን ላነብ ቢሮ ገባሁ። ትንሽ ጠበቅኩ፣ ደግሜ አየሁ፣ ከዚያ በመስኮት ብቅ ብዬ «አስራ አንድ» አልኩ።

ትልቁ ሽማግሌ ሥራ አስኪያጁን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ማሽን አይዋሽም ካልክ ዕድሩን እንጥራ?»

ቡና የሚለቅሙት ሴቶች አልጋውን ተደግፈው ሳቁ። እኔም መስኮቱ ላይ ሆኜ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ሥራ አስኪያጁ ራሱ፣ ክንዱን ገጥሞ እንደቆመ፣ ሳቁ አመለጠው። ያልሳቁት ጥበቃው ብቻ ነበሩ። እሱም ይህን ሲያይ ሳቁን ዋጠና ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥራዎ ይግቡ አላቸው።

ጥበቃው ባርኔጣቸውን አሻሹ።

«ስንቱን ሌሊት ብርድ ሲያንዘፈዝፈኝ፣ ቡናውን ጭስ እንዳይነካው ብዬ ክብሪት እንኳ አልጫርኩም» አሉ። «እሱን የለካልኝ የለም።»

ሥራ አስኪያጁ ሽቦውን ከብብቱ አውጥቶ ሰጠኝ። ጃኬቱን ግን መልሶ አልለበሰውም፤ ጥበቃው ትከሻ ላይ ጣል አደረገላቸው።